አደራ የተሰጠ ስልክ

መስቀል ፍላወር የምሠራበት ሕንጻ ከምድር በታች ሦስት ፎቅ አለው። ቤዝመንት አንድ ላይ ስልክ ይሠራል። ቤዝመንት ሁለት ላይ፣ መውጫው አካባቢ ከቆማችሁና ዕድለኛ ከሆናችሁ፣ ይሠራል። ቤዝመንት ሦስት ላይ ምንም የለም። መኪና የሚጠብቁት ጋሼ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት እዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት ልጃቸው ደብረ ብርሃን የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ደረሰ። ሥራውን ጥለው እንዳይወጡ ተተኪ የለም፣ እንዳይቀመጡ ስልክ የለም። ምን አደረጉ መሰላችሁ? ስልካቸውን መኪና መግቢያው አፍ ላይ ለሚቀመጠው ሊስትሮ አደራ ሰጡት። «ሲደወል አንሳና ሮጠህ ንገረኝ» አሉት። ልጁም ስልኩን ከቀለሞቹ መሃል ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ቀኑን ሙሉ መልእክት ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በሰከንድ ሽራፊ የሚያደርስ ኮድ እየጻፍኩ፣ ከቢሮዬ ስምንት ፎቅ በታች ግን መልእክት የሚደርሰው በእግር ነው። ማታ ቤት ገብቼ ሌላው ዓለም ከመሬት በታች እንዴት እንደሚደዋወል ሳነብ አመሸሁ።

የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ገና በሕይወት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኦሊምፒኩ ዓመት በጣቢያዎቹ ዋይፋይ ገባ፤ ባቡሩ ከጣቢያው ሲወጣ ግን ይቋረጣል። ጥልቅ በሆኑት ዋሻዎች ውስጥ፣ ባቡሩ እየሄደ፣ 4ጂ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው፤ ያውም ጁብሊ በሚባለው መስመር ከፊሉ ላይ ብቻ። ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ1904 ጀምራ፣ የምድር ውስጥ ጣቢያዎቿን በሙሉ በኔትወርክ አዳርሳ የጨረሰችው በ2017 መግቢያ ነው። እነዚህ ገንዘብና ባለሙያ የቸገራቸው ከተሞች አይደሉም።

ችግሩ ሳይንሱም አልነበረም። የስልክ ሞገድ አፈርና አርማታ ሲያገኝ ይደክማል። ዋሻው አፍ ላይ አንቴና ቢተከል እንኳ፣ ባቡሩ ራሱ ዋሻውን የሚሞላ ብረት ስለሆነ መንገዱን ይዘጋዋል። መፍትሔው ግን ማዕድን ቆፋሪዎች ቀድመው የለመዱት ነው፦ በዋሻው ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ገመድ። ተራ የአንቴና ገመድ ሞገዱን ከውስጡ እንዳያመልጥ ይሸፍነዋል። የዚህኛው ሽፋን ግን ሆን ተብሎ ቦታ ቦታው ላይ ተበስቷል። አትክልት የሚጠጣበትን የተበሳሳ ጎማ አስቡት፤ ውሃው በየቀዳዳው ይንጠባጠባል፣ ሞገዱም እንዲሁ። ለንደንን ያዘገያት ገመዱ ሳይሆን ጥያቄው ነው፦ ማን ይክፈል? ባቡር ድርጅቱ ወይስ ስልክ ድርጅቶቹ? ደግሞስ ባቡር በማይሄድባቸው ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ውስጥ ማን ገብቶ ይዘርጋው?

ወደ እኛ እንምጣ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮቹ አንድ ላይ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። እኔ ከሪቼ ስሳፈር አብዛኛው መንገድ ወይ መሬት ላይ ወይ ድልድይ ላይ ነው። ከመሬት በታች የሚገባው ወደ ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ ጋ ነው፤ እሱም አጭር ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው የምድር ውስጥ ኑሮ ባቡር ሳይሆን ቤዝመንት ነው፦ መኪና ማቆሚያው፣ መጋዘኑ፣ ጂሙ፣ የጀነሬተሩ ክፍል።

የአደባባዩ ስም ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ወሰደኝ። ስልክን ወደ አገራችን ያስገቡት እኚሁ ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ የታሪኩ መጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 1894 ሲሆን፣ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ ሽቦ በበረሃና በተራራ መዘርጋት! ግን አስቡት፤ ስልኩ ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ የምትፈልጉት ሰው ደግሞ ቤቱ። 477ቱን ኪሎ ሜትር ሽቦው ይጨርሰዋል፤ የቀረችውን ትንሽ መንገድ የሚጨርሳት ተላላኪ ነው።

እኔ ራሴ ያ ተላላኪ ነበርኩ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈራችን ግን በቶሎ አልደረሰውም፣ ሲም ካርድ የሀብታም ዕቃ ነበር። በልጅነቴ በግቢያችን ስልክ ያላቸው እትዬ ብቻ ነበሩ፤ ስልኩ ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ከዓረብ አገር ለጎረቤት ሲደወል «ሂድ ጥራቸው!» እባላለሁ፣ በባዶ እግሬ እሮጣለሁ። የደዋዩ ሂሳብ እየቆጠረ መሆኑን እናውቃለን። ብዘገይ ለቤተሰቡ የሚቀረው «ደህና ነን» ለማለት የምትበቃ ጊዜ ናት። ያኔ ኔትወርክ የሚለውን ቃል አላውቀውም፤ ግን ውስጡ ነበርኩ።

ለቤዝመንታችን መፍትሔ ይኖር እንደሆን የሕንጻውን አስተዳደር ጠየቅኩ። ጣሪያ ላይ አንቴና፣ በደረጃው በኩል ገመድ፣ በየፎቁ ትንንሽ አንቴና፤ ሌላ ተአምር የለውም። ከገበያ ማጉያ ገዝቶ ዝም ብሎ መስቀል ግን አይሆንም፤ በትክክል ካልተስተካከለ የአካባቢውን ማማ ያውካል፣ የሌላውንም ሰው ስልክ ያበላሻል። ስለዚህ ከስልክ አቅራቢው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። «የእነሱ ሥራ ነው» አሉኝ። የለንደኑ ጥያቄ መስቀል ፍላወር ላይ ጠበቀኝ። ቆይ ግን፣ እዚያ ታች የሚውሉት ጥበቃና መኪና አጣቢዎች ናቸው። አስተዳዳሪው አራተኛ ፎቅ ነው ያሉት፤ እዚያ ኔትወርኩ ሙሉ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ላፕቶፔን መኪና ውስጥ ረስቼ ወርጄ ነበር። የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፅ ግድግዳውን እየመታ መጣ። «ጋሼ! ጋሼ! ወለደች!»

ጋሼ ተነሡ። «ምን ወለደች?»

ልጁ ቆመ። እያለከለከ ስልኩን ዘረጋላቸው። «አልጠየቅኩም፤ ወዲያው ነው የሮጥኩት።»

ጋሼ ስልኩን አዩት፤ እዚህ አይሠራም። የመኪና ካርዶቹን እጄ ላይ አስጨበጡኝና ባርኔጣቸውን ይዘው ሽቅብ ሮጡ። ልጁም ተከተላቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ፤ ሁለት መኪና አስገባሁ፣ አንዱን ደግሞ በተሳሳተ ቦታ አስቆምኩት።