የሕፃን ለቅሶና አድማጮቹ

የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያሰማው ድምፅ ለቅሶ ነው። አዋላጅዋ ይህን ድምፅ በጉጉት ትጠብቃለች፤ ሲዘገይ ትጨነቃለች፤ በተሰማ ጊዜም ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ይኸው በልደት ሰዓት የምሥራች የነበረው ድምፅ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በእኩለ ሌሊት ሲሰማ ግን ቤተሰብን የሚያስጨንቅ፣ ጎረቤትን የሚያውክ፣ እናትንም የሚያስወቅስ ይሆናል። የሕፃናት ለቅሶ ታሪክ በአመዛኙ የአድማጮቹ ታሪክ ነው። ሕፃኑ በየዘመኑ ያው ለቅሶውን አልቅሷል፤ እናቱ ግን ለቅሶውን የሰማችው ኅብረተሰቡ በሰጣት ጊዜና ባሸከማት ሥራ ልክ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከተረፉት ጥንታዊ ማስረጃዎች አንዱ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ በሸክላ ጽላት ላይ የተቀረጸ የባቢሎናውያን ድግምት ነው። ድግምቱ ከጨለማ ቤቱ ወደ ፀሐይ ብርሃን የወጣውን ሕፃን ስለምን እንደሚያለቅስ ይጠይቀዋል፤ ጩኸቱ የቤቱን አምላክ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሰው እያመለከተም ይወቅሰዋል። የተከሰሰው ሕፃኑ፣ ተበዳዩም ቤቱ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ምዕት ዓመታት አልፈው፣ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት በሮም የሠራው ግሪካዊው ሐኪም ሶራኖስ ዘኤፌሶን ነገሩን ከድግምት ወደ ምርመራ አዛወረው። ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ጡት ማጉረስ ስሕተት መሆኑን ገልጦ፣ ሞግዚቲቱ አስቀድማ መጠቅለያው ጠብቆት፣ አተኛኘቱ ሳይመቸው ቀርቶ፣ ነፍሳት ነክሶት፣ ከመጠን በላይ ጠግቦ፣ በርዶት ወይም ሞቆት፣ ወይም ሆዱ ደርቆ እንደሆነ እንድትመረምር ይመክራል። ይህ ምክር ዛሬ በጤና ጣቢያ ለእናቶች ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። ጥቂት ለቅሶ ግን የመተንፈሻ አካላትን ያጠነክራል የሚል ቃል አክሎበታል፤ ይህች ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ በሌሎች እጅ ስትገባ ያደረሰችው ጉዳት ቀላል አይደለም።

ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው «ኤሚል» በተሰኘው መጽሐፉ ሕፃናትን ጠፍንጎ መጠቅለልን አወገዘ፤ የሕፃን የመጀመሪያ እንባዎች ልመና መሆናቸውን፣ በአግባቡ ካልተያዙ ግን ወደ ትእዛዝ እንደሚለወጡ አስተማረ። አስተማሪው አምስቱንም ልጆቹን ለፓሪስ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አሳልፎ የሰጠ ሰው ስለነበረ፣ በራሱ ቤት ይህን ለቅሶ ብዙ የማዳመጥ ዕድል አላገኘም።

ቻርልስ ዳርዊን ግን አዳምጧል። በ1839 የበኩር ልጁ በተወለደ ጊዜ የሕፃኑን ሁኔታ በየዕለቱ በማስታወሻ ይመዘግብ ጀመር፤ ከዚህም የተገኘው ጽሑፍ በ1877 ታተመ። ሕፃኑ በመጀመሪያ በደመ ነፍስ እንደሚጮህ፣ ቆይቶ ግን የረኃቡ ለቅሶ ከሕመሙ ለቅሶ ተለይቶ እንደሚሰማ አስተውሏል። ስሜትን ስለመግለጥ በ1872 ባወጣው መጽሐፍም አንድ ደስ የሚል ገጠመኝ ጠቅሷል። ከልጆቹ አንዱ 77 ቀን ሲሆነው የዳርዊን የኮት እጅጌ የሕፃኑን ዓይን ሳያስበው ነካው፤ ያ ዓይን እንባ አፈሰሰ፤ ሕፃኑ አምርሮ እየጮኸ ሳለ ሌላው ዓይን ግን ደረቅ ነበር። አራስ ልጅ ያለ እንባ እንደሚያለቅስ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር በዚህ መንገድ ወደ ሳይንስ መዝገብ ገባ።

ዳርዊን ማስታወሻውን በሚጽፍበት በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በማንቸስተርና በአካባቢው የጥጥ ፋብሪካዎች የሚሠሩ እናቶች የልጆቻቸውን ለቅሶ የሚመዘግቡበትም ሆነ የሚያባብሉበት ጊዜ አልነበራቸውም። በወለዱ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ወደ መዘውሩ ይመለሳሉ። ሕፃኑ ብዙ ልጆችን በጥቂት ሳንቲም ለምትጠብቅ አሮጊት ወይም ለታላቅ እኅቱ ይተዋል። ያን ሁሉ ልጅ ዝም የምታሰኝበት ዘዴ ያስፈለጋት ጠባቂ ወደ መድኃኒት ሻጩ ትሄድ ነበር። «የጎድፍሬይ ኮርዲያል» ይባል የነበረው ጣፋጭ ፈሳሽ ኦፒየም በሞላሰስ ተበጥብጦ የተሠራ ነው። አንድ ማንኪያ የቀመሰ ሕፃን ይተኛል፤ ተኝቶም ረኃቡን ይረሳል፤ ረኃቡን የረሳ ሕፃን ደግሞ ጡት አይፈልግም፤ እየከሳና እየገረጣ ይሄዳል። ብዙዎቹም በዚያው አሸልበው ቀርተዋል። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ የሠራተኛ መደብ ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ልማድ አጋልጧል። ካርል ማርክስም በ1867 በታተመው በ«ካፒታል» አንደኛ ቅጽ የበለጠ የሚያስደነግጥ ምስክርነት አስፍሯል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ጠፍቶ ፋብሪካዎቹ በተዘጉ ጊዜ፣ የመንግሥት መልእክተኛ የሆነ ሐኪም ወደ ላንካሻየር ሄዶ ባቀረበው ሪፖርት፣ እናቶቹ ሥራ ፈተው በመዋላቸው ልጆቻቸውን በኮርዲያል መመረዛቸውን ትተው ጡት ለማጥባት ጊዜ ማግኘታቸውን ገለጸ። የእናቲቱ ደመወዝ ሲቋረጥ ለሕፃኑ ጡት ተረፈለት ማለት ነው።

በአሜሪካም «የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ከ1849 ጀምሮ በሠፊው ይሸጥ ነበር። በውስጡ ሞርፊን መኖሩን ጠርሙሱ እንዲናገር ያስገደደው የ1906ቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ በማስታወቂያዎቹ ላይ የሚታየው የፈገግተኛ እናትና የተኛ ልጅ ሥዕል ብቻ ነበር።

በባለጸጎች ቤት ደግሞ ለቅሶውን የምትሰማው የተቀጠረች ሴት ነበረች። ስፓኛዊው ባለቅኔ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ1928 በማድሪድ ባሰማው ንግግር፣ የአገሩ የእሹሩሩ ዜማዎች ስለምን እንዲያ ያሳዝናሉ የሚል ጥያቄ አንሥቶ፣ ዜማዎቹን የፈጠሩት ልጅ ሸክም የሆነባቸው ድሆች ሴቶች መሆናቸውን፣ የጌታ ልጅም የሕዝቡን ዜማና ተረት ከእነዚሁ ሞግዚቶችና ገረዶች ጋር አብሮ እንደሚጠባ አብራርቷል። ይህ አስተያየት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ግቢ ሕፃኑን አዝላ የምታድረው፣ ስታባብለውም የራሷን ሆድ ብሶት በዜማ የምታወጣው ሞግዚቲቱ ነበረች። ስሟ በትውልድ ሐረግ አይጻፍም፤ ዜማዋ ግን በልጁ ጆሮ ቀርቷል።

ሎርካ ይህን በተናገረበት በዚያው በ1928 ጆን ዋትሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ልጆችን አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ጭናችሁ ላይ አታስቀምጡ፤ ግድ ከሆነ ማታ ግንባራቸውን አንድ ጊዜ ሳሙ፣ ጠዋት ደግሞ እጃቸውን ጨብጡ ይላል። ዋትሰን በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ነበር። ትምህርቱ ግን ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። በ1894 ኤሜት ሆልት የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም በጥያቄና መልስ ባዘጋጀው ታዋቂ የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ፣ ለቅሶ የሕፃን ስፖርት መሆኑን፣ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማልቀስም እንደማይበዛበት ጽፎ ነበር። የሶራኖስ ቃል እንዲህ ሆና ተመለሰች። በኒው ዚላንድ ደግሞ ትሩቢ ኪንግ፣ ጥጆችን በማሳደግ ካካበተው ልምድ ጭምር ተነሥቶ፣ በ1907 የመሠረተው ማኅበር እናቶች በየአራት ሰዓቱ ብቻ እንዲያጠቡ፣ ሌሊት ጨርሶ እንዳያጠቡ አስተማረ። የፋብሪካው ፉጨት ወደ አልጋው ራስጌ ደረሰ። ልጇ ሲያለቅስ ጡቷ እየፈሰሰ ዓይኗን ሰዓት ላይ ተክላ የተቀመጠችው እናት በዚያ ዘመን የዘመናዊነት ምሳሌ ነበረች፤ ተነሥታ ያቀፈችው ደካማና ኋላ ቀር ተባለች።

ይህ አስተሳሰብ የተሰበረው ቀስ በቀስ ነው። የሐኪሙ የቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፍ በ1946 ወጥቶ እናቶች በራሳቸው ማስተዋል እንዲተማመኑ አበረታታ። ትልቁ ማስረጃ ግን ከአፍሪካ መንደሮች መጣ። ሜሪ ኤይንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ በ1954 ወደ ዩጋንዳ ሄዳ በካምፓላ አካባቢ የሚኖሩ 26 እናቶችንና 28 ሕፃናቶቻቸውን ለወራት እየተመላለሰች በየቤታቸው ተመለከተች። የጋንዳ እናቶች ገበሬዎች ናቸው፤ የሥራ ጫናቸው ቀላል አልነበረም። ልጁ የሚናገረውን አስተውላ የምትመልስ እናት ልጅ ጥቂት ያለቅሳል፣ ከእርሷም ራቅ ብሎ ለመጫወት ይደፍራል። ኤይንስወርዝ ይህን በ1967 በመጽሐፍ አወጣች፤ በባልቲሞር ከተማም በ26 ቤተሰቦች ላይ ጥናቱን ቀጠለች። በ1972 ከሲልቪያ ቤል ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለለቅሷቸው ፈጣን ምላሽ ያገኙ ሕፃናት በዓመቱ መጨረሻ ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚያለቅሱ፣ በምትኩም በፊታቸው፣ በእጃቸውና በድምፃቸው ሐሳባቸውን እንደሚገልጡ አመለከተች። ስሌቱን የተቹ ምሁራን ወዲያው ተነሥተዋል፤ ክርክሩም ረጅም ነበር። ቢሆንም የታቀፈ ልጅ ይሞላቀቃል የሚለው ፍርድ ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ካባ ደርቦ መታየት አልቻለም።

ከዚህ ጎን ለጎን ለቅሶው ራሱ ተለካ። ቤሪ ብራዝልተን በ1962 የ80 ሕፃናትን ለቅሶ በእናቶቻቸው ማስታወሻ አማካይነት መርምሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት በቀን ሁለት ሰዓት የማይሞላው ለቅሶ በስድስተኛው ሳምንት ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንደሚደርስ፣ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። እነዚህ ልጆች ጤነኞች ናቸው። የምሽቱ ለቅሶ ብዙ ጊዜ በውል የሚታወቅ ሰበብ የለውም፤ ከእናትም ጥፋት አይመጣም። ከካላሃሪ በረሃ የተገኘው ማስረጃ ይህንን ያጠናክራል። በአደንና በለቀማ ይኖሩ የነበሩት የኩንግ ሳን እናቶች ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ ከአካላቸው አይለዩም፤ ባነጫነጨው ቁጥርም ወዲያው ጡት ይሰጡታል። ሮናልድ ባርና ባልደረቦቹ በ1991 እንዳሳተሙት፣ የእነዚህ ልጆች ለቅሶም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍ ብሎ በኋላ ዝቅ ይላል፤ ርዝመቱ ግን ከምዕራባውያኑ ልጆች ለቅሶ በእጅጉ ያንሳል። የለቅሶው ዳገትና ቁልቁለት የተፈጥሮ፣ ርዝመቱ በአመዛኙ የልማድ ነው ማለት ይቻላል። ይኸው ባር ከኡርስ ሁንዚከር ጋር በ1986 በሞንትሪያል ባደረገው ሙከራ፣ በየቀኑ ከወትሮው ተጨማሪ ሰዓታት የታቀፉ ሕፃናት በስድስተኛው ሳምንት ከሌሎቹ 43 ከመቶ ያነሰ አልቅሰዋል። ከመጠን ያለፈ ለቅሶ በጀመሩ ልጆች ላይ በኋላ ሲሞከር ግን መታቀፉ እንዲህ አልሠራም፤ መሸከም የሚጠቅመው ለቅሶው ሳይጀምር ነው።

ይህ ዕውቀት የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በድካምና በንዴት የሚርገፈገፍ ሕፃን አንጎሉ ሊደማ፣ ሊታወር፣ ሊሞትም ይችላል። አቅሙ ያለቀበት ሰው ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ጥቂት ደቂቃ ዘወር ቢል፣ ልጁ ማልቀሱን ቢቀጥልም አይጎዳም። ትኩሳት ያለው፣ ጡት እንቢ ያለ፣ ወይም ለቅሶው ከወትሮው የተለየ ሕፃን ግን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

በኢትዮጵያ ከለፋ ቆዳ የሚሠራው፣ በየአካባቢው በዛጎልና በጨሌ የሚያጌጠው አንቀልባ በሙዚየም ሲታይ የእጅ ጥበብ ናሙና ተብሎ ይደነቃል። ይሁንና አንቀልባ ከሁሉ በፊት የለቅሶ መከላከያ መሣሪያ ነው። እናቲቱ ስትፈጭ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወርድ ልጁ ሙቀቷንና እርምጃዋን አይለይም። እሹሩሩም ከዚሁ እርምጃ ጋር የተገጠመ ዜማ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ተደጋጋሚ፣ ከአንገት መወዛወዝና ጀርባን መታ መታ ከማድረግ ጋር የሚሄድ። በአሜሪካ በ2020 በተደረገ ጥናት ሕፃናት በማያውቁት ቋንቋ የተዘፈነ የባዕድ አገር እሹሩሩ ሲሰሙ እንኳ የልባቸው ምት ረገብ ማለቱ ታይቷል።

ከአንቀልባው ጋር ሌላም ነገር ተወርሷል። ልጅ ሲያለቅስና ጡት እንቢ ሲል፣ ለማስታወክና ለተቅማጥ መፍትሔ ነው ተብሎ በወጌሻ እጅ እንጥል ይቆረጣል፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስም ግግ ነው ተብሎ በስለት ይወጣል። ደም መፍሰስና መመረዝ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል። ይህንና አንቀልባውን በአንድ ስም ባህል ብሎ ሁለቱንም ማወደስ ወይም ሁለቱንም መጣል በጽሑፍም በመድረክም የታየ ስንፍና ነው። ለቅሶውን የሰማው ጆሮ አንድ ቢሆንም፣ አንደኛው ልማድ በሺህ ቀናት ማስተዋል የተፈተነ፣ ሌላው ሞትን ከሰበቡ ጋር ሳያገናኝ የቀረ ነው።

በጃፓን ኩሚ ኩሮዳና ባልደረቦቿ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ እናት ልጇን ታቅፋ ተነሥታ ስትራመድ የሕፃኑ የልብ ምት በሰከንዶች ውስጥ ዝቅ እንደሚል ለኩ። ታቅፋው ብትቀመጥ ግን ይህ አይሆንም። የአይጥ ግልገልም እናቱ በአፏ ስታነሣው እንዲሁ እግሮቹን ሰብስቦ ጸጥ ይላል። በ2022 ደግሞ 21 ሕፃናትን መርምረው፣ የሚያለቅስ ልጅ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳይቆሙ በእርጋታ ሲያመላልሱት ለቅሶውን እንደሚያቆም፣ ግማሽ ያህሎቹም በዚያው እንደሚተኙ አዩ። እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ወዲያው ከማስተኛት ይልቅ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ታቅፎ መቀመጥ እንደሚሻልም ገለጹ። የሚነቃው ልጅ ልቡ መፍጠን የሚጀምረው ጀርባው ፍራሹን ከመንካቱ በፊት፣ ገላው ከእናቱ ገላ መላቀቅ ሲጀምር ነው።