የቅርንፉድ ዛፍ ከማሉኩ እስከ ፔምባ

ሻይ የምናጣፍጥበት ቅርንፉድ ገና ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመ ይኖራል፤ እንቡጡ ቀላ ሲል በእጅ ይለቀምና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የዛፉ መገኛ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሰሜን ማሉኩ ጥቂት ትናንሽ ደሴቶች ናቸው፤ ተርናቴ፣ ቲዶሬ፣ ሞቲ፣ ማኪያንና ባቻን። ንግዱን ለብቻ የመያዝ ምኞት የተወለደው ከዚህ ጥበት ነው።

ፖርቱጋሎች ወደ ማሉኩ የደረሱት በ1512 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1519 ከማጄላን ጋር ከስፔን ከተነሡት 5 መርከቦች ዓለምን ዞራ በ1522 የተመለሰችው ቪክቶሪያ ብቻ ነበረች፤ የጫነችውም ቅርንፉድ ነበር።

በ1602 የተቋቋመው የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1605 የአምቦንን ምሽግ ከፖርቱጋሎች ነጠቀ። ምርት ሲበዛ ዋጋ እንደሚወድቅ ስለተረዳ፣ ቅርንፉድ በአምቦንና በአጎራባች ደሴቶች ብቻ እንዲተከል፣ የሌላው ስፍራ ዛፍ ግን እንዲቆረጥ ወሰነ። የተርናቴው ሱልጣን ማንዳርሻህም በ1652 ዓመታዊ ክፍያ እየተቀበለ በዚሁ ተስማማ። በምዕራብ ሴራም ያለው የሆአሞአል ሕዝብ አሻፈረኝ ብሎ ተዋጋ፤ በ1656 ሲሸነፍ ዛፉ ተመንጥሮ ነዋሪው ወደ አምቦን ተጋዘ። ከዚያ በኋላ «ሆንጊ» የሚባሉ የታንኳ ዘመቻዎች በየደሴቱ እየዞሩ የተደበቀ ዛፍ ያድኑ ነበር። ቀዛፊዎቹ በግዴታ የተመለመሉ የአገሬው ሰዎች ነበሩ።

ይህን ብቸኛ ይዞታ የሰበረው ፈረንሳዊው ፒየር ፑዋቭር ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይተረካል። እውነትም የሞሪሸስ አስተዳዳሪ ሳለ የላካቸው ሰዎች በ1770 ችግኝ አምጥተውለታል። ነገር ግን ዛፉ ከአንድ ጌታ እጅ ማምለጡ ለሠራተኛው ነፃነት አላመጣለትም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቅርንፉድ ዛንዚባር ገባ። በ1840 ገደማ መቀመጫውን ከኦማን ወደዚያ ያዛወረው ሱልጣን ሰይድ ቢን ሱልጣን፣ ባለርስቶች ለአንድ የኮኮናት ዛፍ ሦስት ቅርንፉድ እንዲተክሉ አዘዘ። የሚተክለውና የሚለቅመው ከዋናው ምድር በባርነት የመጣ ሰው ነበር። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ዛንዚባር የዓለም ዋነኛ አቅራቢ ብትሆንም ምርቱ በዝቶ ዋጋው አሽቆለቆለ፤ ደቾች የፈሩትም ይህንኑ ነበር።

በሚያዝያ 1872 የደረሰው አውሎ ነፋስ የዛንዚባር ዋና ደሴት በሆነችው በኡንጉጃ አብዛኛውን ዛፍ ነቀለ። ሌላዋ የዛንዚባር ደሴት ፔምባ በአብዛኛው ስለተረፈች ከዚያ ወዲህ የምርቱ ማእከል ሆነች። በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የዛንዚባር የባሪያ ገበያ ተዘጋ፤ ባርነት በሕግ የተሻረው ግን በ1897 ነው። ነፃ ከወጡት ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውምና በቀድሞ ጌቶቻቸው ርስት ላይ ጥገኛ ሆነው ቀሩ። የመሬቱ ጥያቄ እስከ 1964ቱ አብዮት ዘለቀ።

የማሉኩ መጥረቢያም የዛንዚባር አዋጅም ዛፉን ለአንድ እጅ አላጸኑትም። ሁለቱም የቆሙት በተገደደ ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ የቅርንፉድን ታሪክ በመርከበኞችና በሱልጣኖች ስም ብቻ የሚጽፍ፣ ዋነኛውን ባለታሪክ፣ ቀዛፊውንና ለቃሚውን፣ ትቶታል።