የሳይነስ ባህላዊ መድኃኒት (አዳማና አካባቢው)

አፍንጫ ሲታፈን፣ ግንባርና ጉንጭ ሲከብድ በየቤቱ የሚሸተቱና የሚታጠኑ ቅጠሎች ናቸው። አዳማ ነፋሻ ናት፤ ከከተማዋ ዳር ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው አየር በበጋ አቧራውንም ያስነሳል። ከሞጆ እስከ ባቱ «ሳይነሴ ተነሳብኝ» የሚል ሰው አይታጣም።

ቀዳሚው ዳማከሴ ነው። ለጋው ቅጠል በመዳፍ መሃል ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ተደርጎ ይጠጣል፤ መዳፍም አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። ዋና ዝናው ግን በምች ነው። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ትኩሳትና ሕመም ቀንሷል፤ አይጥ ግን አፍንጫዬ ተከፈተልኝ አትልም።

በአጼ ምኒልክ ዘመን ከገባው ባሕር ዛፍ የሚገኘው ሲኒዮል የተሻለ ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ የጀርመን ጥናት፣ መግል የሌለው አጣዳፊ ሳይነስ ከያዛቸው 152 ሕሙማን ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ 200 ሚሊግራም ሲኒዮል የወሰዱት በሳምንት ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ተሽሏቸዋል። የተዋጠው ግን እንክብል ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ ድስት ላይ ማጎንበስ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመና በእንግሊዝ 871 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት እንፋሎት ራስ ምታትን ከማቅለል ያለፈ ፋይዳ አላሳየም፤ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ መጠነኛ ጥቅም ሰጥቷል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት።

ጤና አዳም፣ ጦስኝና ፌጦም ይታከላሉ። ለሕፃናት የፈላ ድስት አይቀርብም፤ የባሕር ዛፍ ዘይትም አፍንጫቸው ውስጥ አይገባም። የዓይን ዙሪያ ካበጠ ቅጠሉ ይቆይና ሐኪም ቤት ይኬዳል።