ቤት ላይ ቤት

«አባባ፣ ይሄ ግምብ የማን ነው?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከከብቶቻቸው ሳይነቅሉ፣ «የሱስንዮስ ነው» አሉኝ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ የማንም አይደል ልጄ። ከብት ይገባበታል።»

ይህን የተጨዋወትነው ከዓመታት በፊት፣ ማርያም ግምብ በሚባለው ቦታ ነው። ከጎርጎራ ተነሥታችሁ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዛችሁ በጀልባ ወደ ምዕራብ ስትጓዙ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ያለች ምድር ታገኛላችሁ። ፍርስራሹ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ እንኳን የሄድኩት ጣና ላይ ልንሸራሸር ብዬ ነበር። ባለጀልባው ነው «ፈረንጆች የሚወዱት አንድ የፈረሰ ነገር አለ፣ ላሳይህ?» ብሎ የወሰደኝ። ፈረንጆች የሚወዱት ነገር ምንጊዜም ያጓጓናል መቼስ!

ደርሼ ሳየው ደነገጥኩ። ቁጥቋጦ የዋጠው ግድግዳ ይታያል ብዬ ስጠብቅ፣ ድንጋዩ እንደ ቅቤ ተቆርጦ የተገጠመ፣ አምዶቹ በልክ የተጠረቡ ሕንፃ ገጠመኝ። ከወደቀው ጣሪያ በተረፈው ቅስት ላይ ድንጋዩ አራት ማዕዘን እየሆነ ተከፋፍሎ፣ በያንዳንዱ መሐል አበባ ተቀርጾበታል። በዙሪያው የመኖሪያው ግድግዳና የግቢው አጥር ፍርስራሽ አለ። እንግዲህ ይህ ቦታ በ17ኛው መቶ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን መንደር ነበር።

ታሪኩ ከዚህ ይጀምር። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያ የገቡት በ1557 ነው። መሪያቸው ጳጳስ አንድሬስ ዴ ኦቪዬዶ ዓድዋ አጠገብ ፍሬሞና በተባለችው ሰፈራቸው ኖሮ እዚያው በ1577 ሞተ። ስሟን ያወጡላት ከእኛው ከፍሬምናጦስ፣ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነበር። ቀጥሎ በ1603 ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ መጣ። ይህ ሰው ወደዚህ ሲመጣ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ማቋል። ያ ሁሉ ደርሶበት ተመልሶ ሞከረና ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ ሆነ።

ንጉሡ ጎርጎራ ላይ ቦታ ሰጡት። እሱም በ1610ዎቹ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት ሠራላቸው። ቄሱ ራሱ መሐንዲስ፣ ራሱ ግንበኛ፣ ራሱ አናጢ ሆነ ይባላል። ያገራችን ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ስለማያውቅ «ቤት ላይ ቤት» ብሎ እንደጠራው በዘመኑ ተጽፏል። እስቲ አስቡት፣ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ዛሬ አዲስ አበባን የሞላው ሁሉ ቤት ላይ ቤት አይደለም እንዴ?

ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በዚያው ሰሞን የኖራ ድንጋይ ተገኘ፤ አቃጥሎ ኖራ ማውጣቱን ያሳየው ደግሞ ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር። ስለዚህ ማርያም ግምብን «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብለን መገላገል አንችልም። ዕቅዱ ከአውሮፓ፣ የኖራው ጥበብ ከሕንድ፣ ድንጋዩና ጉልበቱ ከጎርጎራ ነው። የጎንደር ግንቦችም ከዚህ ወዲያ ከሰማይ የወረዱ አይመስሉም። እርግጥ የጉዛራ ግንብ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው ስለሚባል፣ የግንቡ ጥበብ ከፓኤዝ በፊትም ነበር የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር ሠርተው ለምን ጠፉ? ፓኤዝ ቀስ የሚል ሰው ነበር። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን መቸኮልን መረጠ። በ1626 ንጉሡ ደንቀዝ ላይ ለሮማ መገዛታቸውን በአደባባይ አወጁ። ከዚያማ የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህኑ እንደገና ክህነት ይቀበል፣ የቅዳሜ ሰንበት ይቅር፣ ግዝረት ይቅር፣ ጾሙ ይለወጥ ተባለ። የአያቱን አጽዋማት በትእዛዝ የሚለውጥ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገሩ በያለበት ተነሣ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የላስታ ገበሬ በሺዎች አለቀ። ያን ሬሳ ያዩት ንጉሥ «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» አሉ፤ በዚያው ዓመት ሞቱና አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጣ፤ ጎንደርንም ቆረቆረ።

ማርያም ግምብ የተሠራው እንግዲህ በእነዚያ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ለዘላለም ተብሎ ተሠርቶ፣ አንድ ልጅ ፊደል ለይቶ ዳዊት እስኪደግም እንኳን በወግ ሳይኖሩበት ተባረሩ።

ለኔ ግን ከሁሉ የከነከነኝ ሌላ ነው። እዚያው ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም አለች። ትውፊቷ ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ይወስዳታል። ክብ ናት፣ ጣሪያዋ ሣር ነው። ውስጧ በ17ኛው መቶ ዘመን ሥዕል አሸብርቋል። አሁን አስቡ፤ ከሣርና ከድንጋይ የቱ ይቆያል? ድንጋይ ትላላችሁ። ጎርጎራ ላይ ግን የቆየው ሣሩ ነው! ሣሩ ሲያረጅ የሚያጭድለት፣ የሚሸከምለት፣ ወጥቶ የሚከድን ሰው አለው። ድንጋዩ ግን ኖራው ሲፈረካከስ፣ ጣሪያው ሲከፈት፣ ዝናብ ሲገባበት፣ የዛፍ ሥር ሲሰነጥቀው «ኧረ» የሚል የለውም። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ባነሡት ፎቶግራፍ ላይ ቆሞ የሚታየው ሁሉ ዛሬ የለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ የሚናቅ ባለቤትም አልተገኘ።

ባለቤት ያጣበት ምክንያትም ይገባኛል። እኔ ራሴ ሱስንዮስን እንደ ከሐዲ እየቆጠርኩ ነው ያደግኩት። የወይና ደጋን እልቂት የሚያውቅ ሰው ለዚህ ግምብ እንባ እንዲያፈስ አልፈርድበትም። ግን ቂምን ከድንጋይ ጋር ምን አገናኘው? ግምቡ ቢወድቅ የወይና ደጋ ሙታን አይነሡ። ቆሞ ቢቆይ ግን፣ ሃይማኖትን በአዋጅ ለመለወጥ የሞከረ መንግሥት ምን እንዳተረፈ ለልጆቻችን ይመሰክር ነበር። ፍርስራሹ ሲጠፋ የሚጠፋው የካቶሊኮቹ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እምቢታ ምስክር ያጣል።

የሚገርማችሁ፣ ዩኔስኮ በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ማርያም ግምብንም አብሮ መዝግቧል። የስፔን አርኪዎሎጂስቶችም ከ2006 ጀምሮ መጥተው አዘዞን ቆፍረዋል፣ የሚሲዮኑን ፍርስራሾች ለክተዋል፤ በ2017 ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጎርጎራም በ2012 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዷ ሆና ሪዞርት ተሠርቶባታል። ደግ ነው። ግን አዲስ ቤት ስንሠራ፣ እዚያው አጠገብ የአገሩ ሰው «ቤት ላይ ቤት» ብሎ የተገረመበትን ዘመን ትዝታ ማስደገፊያ የሚሆን ጥቂት ኖራና ጥቂት ግንበኛ አጥተን ነው?

ወደ ጀልባው ስመለስ ሽማግሌው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የማን ነው ስትለኝ ነበር። አንተስ የማን ልታደርገው መጣህ?»

መልስ አጣሁ። «እንዲያው ላየው ነው አባባ» ብዬ ጀልባዬ ላይ ወጣሁ። አሁን ሳስበው፣ ላለፉት አራት መቶ ዓመታት ሁላችንም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ እንዲያው አይተን እንሄዳለን።