አፍ የሚፈታው ማን ነው?

በአማርኛችን «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚባል ድንቅ አነጋገር አለ። ብዙ ሕዝቦች «የእናት ቋንቋ» የሚሉትን እኛ ከእስራት ጋር አያይዘን ሰይመነዋል፤ ሕፃን አፉ ታስሮ ይወለዳል፣ ቋንቋ ይፈታዋል። ለመሆኑ ፈቺው ማን ነው? ሕፃኑ ራሱ? እናቱ? ወይስ ገና ሳይወለድ በውስጡ የተቀመጠ አንዳች ምስጢር? ይህ ጥያቄ ነገሥታትን ለጭካኔ ዳርጓል፤ ሊቃውንትንም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ጥንታዊውን ታሪክ የተወልን ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ግብፅን የገዛው ፈርዖን ፕሳሜቲኩስ ከሕዝብ ሁሉ ቀዳሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ሁለት አራስ ሕፃናት ለአንድ እረኛ ሰጠና በፊታቸው አንዲት ቃል እንዳትነገር አዘዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ እረኛው በሩን ሲከፍት፣ ሕፃናቱ እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» አሉት። ቢጠየቅ ቃሉ በፍርግያ ቋንቋ ዳቦ ማለት ሆኖ ተገኘ። ፈርዖኑም ቀዳሚነቱን ለፍርግያ ሰዎች ለቀቀ። በኋላ የመጡ ተጠራጣሪዎች ግን ከእረኛው ጋር ይመጡ የነበሩትን ፍየሎች አስታወሱ፤ ሕፃናቱ የደገሙት የፍየል ድምፅ ቢሆንስ?

ሙከራው በፈርዖን አላበቃም። በ13ኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ ሞግዚቶች ሕፃናትን እንዲያጠቡና እንዲያጥቡ፣ ነገር ግን እንዳያናግሩ አዘዘ ይባላል፤ መነኩሴው ሳሊምቤኔ እንደጻፈው ሕፃናቱ ሁሉ ሞቱ። የስኮትላንዱ አራተኛው ጄምስ በ1493 እ.ኤ.አ. ሁለት ልጆችን ከአንዲት ዲዳ ሴት ጋር ወደ ኢንችኪት ደሴት ላከ፤ ጥሩ ዕብራይስጥ ተናገሩ የሚል ወሬም ተወራ። በ16ኛው መቶ ዓመት የሙጋሉ ንጉሥ አክባር እንዲሁ በዝምታ ያሳደጋቸው ልጆች ግን ዲዳ ሆነው ወጡ።

ዕብራይስጥ የሚጠበቀው የፍጥረት ቋንቋ እርሱ ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የደረሰን መጽሐፈ ኩፋሌም ይህንኑ ይተርካል፤ ከባቢሎን በኋላ ከሰው አንደበት የጠፋውን ቋንቋ በእግዚአብሔር ትእዛዝ መልአክ የአብርሃምን አፍና ጆሮ ከፍቶ አስተማረው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ጆሮም ተከፍቷል፤ አናጋሪም አለ። ነገሥታቱ ግን ጆሮን ዘግተው አፍ ይከፈታል ብለው ጠበቁ።

ሊቃውንቱ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለ መጽሐፉ፣ ታላላቆቹ ወደ አንድ ነገር እያመለከቱ ስሙን ሲጠሩ አይቶ እንደተማረ ጻፈ። በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ስኪነር፣ ልጅ ቋንቋን የሚማረው እንደማንኛውም ልማድ በማጠናከሪያ ነው አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ኖኣም ቾምስኪ ተነሣበት፤ ልጅ ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር እንዴት ይናገራል? ስለዚህ የሰዋስው ዝግጅት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ ይወለዳል አለ።

ልጅ አስመሳይ ብቻ እንዳልሆነ ጂን ቤርኮ በ1958 እ.ኤ.አ. አሳይታ ነበር። በሥዕል የተፈጠረች እንስሳ አሳይታ «ይህች ዋግ ናት» አለቻቸው፤ ሁለት ሲሆኑስ? ትንንሾቹ «ዋግዝ» ብለው መለሱ። ቃሉን ከማንም አልሰሙትም፤ የብዙ ቁጥር ሕጉን ግን ያውቁታል።

የክርክሩ መዝገብ ዛሬም አልተዘጋም። በ1996 እ.ኤ.አ. የስምንት ወር ሕፃናት ለሁለት ደቂቃ ብቻ ካደመጡት ያልተቋረጠ የድምፅ ጅረት፣ የትኛው ክፍለ ቃል የትኛውን እንደሚከተል መለየታቸው ታወቀ። እንዲህ ያለው ግኝት የማድመጥን ኃይል ስለሚያጎላ፣ ማይክል ቶማሴሎን የመሳሰሉ ሊቃውንት ቋንቋ አብሮ የተወለደ ሰዋስው ሳይሆን ከሰው ጋር በመኖር የሚገነባ ነው ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው የፓትሪሺያ ኩል ጥናት ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት አንዱ ወገን ማንደሪን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር እየተጫወቱ ሰሙ፤ ሌላው ወገን ያንኑ በቴሌቪዥን ተመለከተ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አላተረፉም። ልጆቻቸውን በባዕድ ምድር የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። በመስኮቱ ውስጥ የሚዘፍነው አማርኛ፣ እናት ሕፃኗን ታቅፋ የምትለውን እሹሩሩ አይተካም።

ፈርዖኑ የመጀመሪያው ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ፣ ለመልሱ ሲል ሁለት ሕፃናትን ከሰው ቃል ለየ። መልሱ ግን በየጎጆው በራፍ ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ሕፃን የመጀመሪያው ቋንቋ፣ ገና መመለስ በማይችልበት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያናገረው ሰው ቋንቋ ነው።