ጆሮ የጻፋቸው መጻሕፍት

ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ከባርነት ቀንበር በተላቀቁት ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች እጅ በበቀለ ጊዜ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረውም። ከሙዚቀኞቹ መካከል ኖታ አንብበው የሚጫወቱ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ኖታው የሰልፉንና የዳንሱን ዜማ ይነግራቸው ነበር እንጂ፣ ያንኑ ዜማ ይዘው፣ ሥርዓቱን ሳያፈርሱ፣ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት አዲስ ዜማ እያፈለቁ መሄድን የሚያስተምር መጽሐፍ ገና አልተጻፈም ነበር። ይህን ሙያ ታናሹ ከታላቁ አጠገብ ቆሞ በጆሮው ይወስደው ነበር። የእኛ የቅኔ ተማሪ የጉባኤ ቃናንና የመወድስን ልክ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ ልኩን ጠብቆ ያልተባለ ቅኔ መቁጠር እንደሚገባው ሁሉ፣ የጃዝ ደቀ መዝሙርም የተወሰነ ርዝመትና የተወሰነ የኅብረ ድምፅ ተራ ተሰጥቶት፣ በዚያ ወሰን ውስጥ ትናንት ያልተጫወተውን ዛሬ እንዲጫወት ይጠበቅበት ነበር።

ይህ የቃል ትምህርት እንዴት ወደ መጽሐፍ እንደ ገባ መመርመር የሚገባ ይመስለኛል፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየትምህርት ቤቱ ተዘርግተው ሳሉ፣ የጻፏቸው ሰዎች ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ምን ያህል ዘመን ሲያዳምጡ እንደ ኖሩ እምብዛም አይነገርምና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1927 በቺካጎ ከተማ ሜልሮስ ብራዘርስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ቤት፣ በሉዊ አርምስትሮንግ ስም ለኮርኔት ነፊዎች ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት አወጣ። አንደኛው 50 ሙሉ ዙሮችን፣ ሁለተኛው 125 «ብሬኮችን» የያዘ ነበር። ብሬክ የሚባለው ጓዶቹ ሁሉ በአንድነት ዝም ሲሉ አንዱ ብቻውን፣ ለሁለት ባር፣ ማለትም ለሁለት የምት መስፈሪያ ያህል፣ ባዶውን ቦታ የሚሞላበት አጭር ዜማ ነው፤ አርምስትሮንግም በዚህ ጥበብ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። ይሁንና መጻሕፍቱን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ አልጻፋቸውም። በሰም ሲሊንደር ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ቀርቦለት እንደ ልማዱ ነፋ፤ ኤልመር ሾብል የተባለው ፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲም ሲሊንደሮቹን እያዳመጠ የሰማውን በኖታ አሰፈረው። ከዚያ በኋላ ሲሊንደሮቹ የደረሱበት አልታወቀም። ዛሬ በእጃችን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እኔም ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ኀዘን ይሰማኛል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ የቃናውን ከፍታና ርዝመት ይናገራል እንጂ፣ አንዱን ቃና ከጊዜው ጥቂት ዘግይቶ ማሳረፉን፣ ሌላውን ከታች አንሥቶ ወደ ልኩ ማቅናቱን፣ በጽሑፍ እኩል የሚመስሉትን ሁለት አጫጭር ቃናዎች አንደኛውን አስረዝሞ ሁለተኛውን አሳጥሮ ማወዛወዙን ሊናገር አይችልም። እንግዲህ የጃዝ መማሪያ መጽሐፍ ገና ከጅምሩ የመስማት ውጤት ነበረ፤ መስማትን ግን ሊተካ አልቻለም።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ዋናው መምህር ሸክላ ነበር። ሳክስፎን ነፊው ቻርሊ ፓርከር ገና ጎበዝ ሳይሆን በካንሳስ ሲቲ ከታላላቆቹ ጋር ሊጫወት ወጥቶ አፍሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1937 በኦዛርክ ተራሮች በሚገኝ የመዝናኛ ስፍራ ከአንድ ባንድ ጋር ሲሠራ የሳክስፎን ነፊውን የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ ቃል በቃል አጥንቷቸዋል። ሲመለስ የሰሙት ሁሉ ያ ልጅ እርሱ መሆኑን ለማመን ተቸግረው ነበር ይባላል።

ነገሩ መልኩን የለወጠው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ፓርከርና መለከት ነፊው ዲዚ ጊለስፒ፣ በኒው ዮርክ ሰፈር በሃርለምም ሚንተንስ በተባለው የሙዚቃ ቤት ፒያኖ ይጫወት የነበረው ቴሎኒየስ ማንክ፣ የኅብረ ድምፁን ተራ ከቀድሞው እጅግ ያወሳሰበ ስልት አመጡ፤ ወጣቶችን ያሳድጉ የነበሩት ትልልቆቹ የዳንስ ባንዶች በአንጻሩ እየተበተኑ ሄዱ። የሚማረው ነገር በበዛበት ሰዓት የሚማሩበት ስፍራ ጠበበ ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለተመለሱት ወታደሮች የትምህርት ወጪያቸውን የሚከፍል ሕግ በማውጣቱ፣ መለከትና ሳክስፎን የያዙ ብዙ ወጣቶች ወደ ትምህርት ቤት ገቡ። ሎረንስ በርክ የተባለው፣ በምሕንድስና የሠለጠነና ከጆዜፍ ሺሊንገር የሒሳብን ስሌት የተከተለ የሙዚቃ ድርሰት ዘዴ የተማረ ሰው፣ በ1945 በቦስተን ሺሊንገር ሃውስ ብሎ የከፈተው ትምህርት ቤት በ1954 በልጁ በሊ በርክ ስም ተገልብጦ «በርክሊ» ተባለ። በቴክሳስም የመምህራን ኮሌጅ የነበረው ኖርዝ ቴክሳስ በ1947 የዳንስ ባንድ ትምህርትን በዲግሪ ደረጃ ጀመረ። ትምህርት ቤት ካለ መጽሐፍ መፈለጉ የማይቀር ነው።

የእነዚያን መጻሕፍት መሠረተ ትምህርት አንባቢ በፒያኖ ፊት ተቀምጦ ሊፈትነው ይችላል። ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ በአንድነት ይመቱ፤ ቀጥሎ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ፤ በመጨረሻም ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። ይህ ከሁለተኛው ደረጃ ወደ አምስተኛው፣ ከአምስተኛው ወደ አንደኛው የሚሄደው የሦስት ኮርዶች፣ ማለትም የሦስት ኅብረ ድምፆች፣ ጉዞ በአሜሪካ ዜማዎች ውስጥ ስፍር ቁጥር በሌለው ብዛት ይመላለሳል። ምስጢሩ ያለው በሁለት ቃናዎች ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ኮርድ ዶ ግማሽ ቃና ወርዶ በሁለተኛው ውስጥ ሲ ይሆናል፤ ሳይንቀሳቀስ የጠበቀው ፋ ደግሞ በተራው ግማሽ ቃና ወርዶ በሦስተኛው ውስጥ ሚ ይሆናል። ጆሮም በዚህ ርምጃ የመመለስን፣ ከቤት የመድረስን ስሜት ያገኛል። በጁሊያርድ ያስተምር የነበረው ጆን ሜሂጋን በ1959፣ ጄሪ ኮከርም በ1964 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይህን የኮርዶች ጉዞ በሥርዓት አስተማሩ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የጆርጅ ራስል ታሪክ ነው። በ1923 በሲንሲናቲ የተወለደው ራስል በመጀመሪያ ከበሮ መቺ ነበር። የሙዚቃን ንድፈ ሐሳብ ፊደል የቆጠረውም በጦርነቱ ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ከአብሮ በሽተኛው ዘንድ ነው። ከዚያ በኋላ ከወጣቱ መለከት ነፊ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሲጨዋወቱ ዓላማው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ማይልስ የኮርዱን ለውጥ ሁሉ ማወቅ እንደሚሻ ነገረው። ራስል በዚህ መልስ ተደነቀ፤ ማይልስ ኮርዶቹን አንድ በአንድ እንደሚያውቅ ያውቃልና። ስለዚህ የፈለገው ሌላ ነገር መሆን አለበት፤ ይኸውም ኮርዱን ከነቤተሰቡ፣ ከሚስማማው ስኬል፣ ማለትም ከሚስማማው የቃናዎች መሰላል፣ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይበትን መንገድ ነው ብሎ አሰበ። ብዙም ሳይቆይ በሽታው አገረሸበት፤ የፓርከር ከበሮ መቺ የመሆን ዕድል መጥቶለት ሳለ ትቶ፣ በ1945ና በ1946 በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ ሆስፒታል 16 ወር ተኛ። በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ነው ጥያቄውን የመረመረው።

የደረሰበት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ከዶ ተነሥተን በአምስተኛ በአምስተኛ ርቀት ብንወጣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሲ፣ ፋ ሻርፕ እናገኛለን። እነዚህ ሰባቱ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ሊዲያን የተባለውን ጥንታዊ ስኬል ይሰጣሉ። እንግዲያው ከዶ ኮርድ ጋር ፍጹም የሚዋሐደው፣ ልጆች ሁሉ የሚማሩት ፋን የያዘው ስኬል ሳይሆን ፋ ሻርፕን የያዘው ነው አለ። የሚጠራጠር ሰው ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲን በግራ እጁ ይዞ በላዩ መጀመሪያ ፋን፣ ቀጥሎ ፋ ሻርፕን አስረዝሞ ይሞክር፤ የመጀመሪያው ከሚ ጋር ሲጋጭ፣ ሁለተኛው እንግዳ ቢመስልም ተረጋግቶ ይቀመጣል። ራስል ይህን ትምህርት በ1953 በራሱ ወጪ አሳተመው። ከጃዝ ልምድ የበቀለ የመጀመሪያው ታላቅ ንድፈ ሐሳብ ይህ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሥራው ከአንድ ወጣት ነፊ ጥያቄና ከአንድ በሽተኛ ትዕግሥት መወለዱ ነው።

ፍሬውም ሳይቆይ ታየ። ከራስል ጋር ይሠራ የነበረው ፒያኖ ተጫዋች ቢል ኤቫንስ፣ በ1959 ማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን ሸክላ ሲቀርጽ ከጎኑ ነበር። በዚያ ሸክላ የመጀመሪያው ዜማ 32 ባር ሲኖረው፣ ያ ሁሉ ርዝመት በሁለት ስኬሎች ብቻ ይኖራል፤ 16 ባር በአንዱ፣ 8 ባር በግማሽ ቃና ከፍ ብሎ፣ 8 ባር ተመልሶ በመጀመሪያው። ኮርዱ በየባሩ ስለማይለወጥ ተጫዋቹ በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማዕዘኑን ሁሉ ይመለከታል። ሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬን ደግሞ ሩሲያ ተወላጁ ኒኮላስ ስሎኒምስኪ በ1947 ያሳተመውን፣ ከቶ ለጃዝ ያልታሰበውን የስኬሎችና የዜማ ቅርጾች መዝገብ እየገለጠ ይለማመድ ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ከየትኛውም መጽሐፍ ትርፍ ያገኛል።

የራስል ደቀ መዝሙር የነበረው ዴቪድ ቤከር መንጋጋው ተጎድቶ ትሮምቦን መንፋት በተከለከለ ጊዜ ቼሎ ይዞ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የጃዝ ትምህርትን አቋቋመ፤ ብዙ መጻሕፍትም ጻፈ። በዚያው በኢንዲያና የሚኖረው ሳክስፎን ነፊ ጄሚ ኤበርሶልድ ግን በ1967 ሌላ መንገድ ከፈተ። ከመጽሐፉ ጋር ሸክላ አብሮ አወጣ፤ በሸክላው ላይ ፒያኖ፣ ባስና ከበሮ ይሰማሉ፤ የሶሎው ቦታ ባዶ ነው። ተማሪው በየትም አገር፣ በየትም መንደር ቢሆን፣ ባንድ ሳይኖረው ያንን ባዶ ቦታ በራሱ መሣሪያ ይሞላዋል። ባሱ በአንዱ ጎን፣ ፒያኖው በሌላው ጎን ስለ ተቀረጸ፣ ባስ መቺው የራሱን ጎን ዘግቶ ከቀሩት ጋር መጫወት ይችላል። ተከታታዩ ከ130 ቅጽ በላይ ደርሷል። መጽሐፍ የመስማትን ጉድለት የሚሞላበትን ዘዴ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የበርክሊ ተማሪዎች የዜማዎችን ኖታ በእጃቸው ጽፈው «ሪል ቡክ» ብለው አባዙ፤ ለደራሲዎቹ ክፍያ ስላልተፈጸመበት በሥውር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር፤ ሕጋዊ እትሙ የወጣው በ2004 ነው። ስሕተት አልጠፋበትም፤ አንዳንዱም ስሕተት ሸክላውን ሳይሰሙ በተጫወቱት ዘንድ እንደ እውነት ኖሯል። በ1995 ደግሞ በካሊፎርኒያ ማርክ ሌቪን ከ500 ገጽ በላይ ያለውን «ዘ ጃዝ ቲዎሪ ቡክ» አወጣ። ሌቪን ከሞንጎ ሳንታማሪያና ከካል ጃደር ጋር የሠራ ፒያኖ ተጫዋች ነበርና፣ ሕጉን በደረቁ አያስቀምጠውም፤ በየገጹ ታላላቆቹ ከተጫወቱት የተቀዳ ምሳሌ አምጥቶ፣ ከግርጌው የሸክላውን ስም ይጽፋል። መጽሐፉን በአግባቡ የሚያነብ ሰው ግርጌውን አይዘለውም፤ ሸክላውን አስመጥቶ ይሰማል።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ጋር በእውነት የተያያዘ ነው። ጅማ የተወለዱትና ወደ ዌልስ ምሕንድስና እንዲማሩ ተልከው ወደ ሙዚቃ ያዘነበሉት ሙላቱ አስታጥቄ፣ በሎንዶን ከተማሩ በኋላ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ መሐንዲሱ ሎረንስ በርክ ወደ ከፈተው የቦስተን ትምህርት ቤት ገቡ፤ የበርክሊም የመጀመሪያው አፍሪቃዊ ተማሪ ናቸው ይባላል። የተማሩትን ይዘው ወደ አገራቸው ቅኝት ሲዞሩ የገጠማቸው ችግር ከላይ በፒያኖው ላይ የፈተንነው ነው። የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉትም። መጽሐፉ ያስተማረው የኮርዶች ጉዞ ግን በሙሉ የሚንጠለጠለው በእነዚሁ በሁለቱ፣ በፋና በሲ ላይ ነው። ሕጉን እንዳለ የፈጸመ ሰው ሁለት እንግዶችን በቅኝቱ ቤት ያስቀምጣል፤ የቅኝቱም ለዛ ይሸሻል። የአገራችንን ዜማ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ ያዘጋጁ የነበሩት ኔርሲስ ናልባንዲያንም በዚሁ ጥያቄ ፊት መቆማቸው አይቀርም ነበር።

ሙላቱ መልሱን በድምፅ ሰጡ፤ በ1966 በኒው ዮርክ ባወጧቸው ሁለት የአፍሮ ላቲን ሸክላዎች ጀምረው፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ባሉት አበሰሉት። እንደ እኔ አስተያየት መንገዱን ያቀናላቸው የራስልና የማይልስ ግኝት ይመስለኛል፤ ኮርዱ በየባሩ መንቀሳቀሱን ካቆመ የሲና የፋ መመላለስ አስፈላጊነቱ ይቀራልና። ሸክላውን የሚያዳምጥ ሰው ባሱ አንዲት ሐረግ እየደጋገመ በስፍራው ሲቆይ፣ ከበሮው ከላቲን የተገኘውን ምት ሲይዝ፣ ነፊዎቹ በቅኝቱ ዜማ ሲመላለሱበት ይሰማል፤ የኮርዶቹ ጉዞ ይሠራው የነበረውን የመሄድና የመመለስ ሥራ እዚህ የሚሠሩት ምቱና የቅኝቱ መነሻ ቃና ናቸው።