ስለ ጠጅና ስለ ቡና፥ ከካፋ አገር ታሪክ

በካፋ አገር፥ በቦንጋ በደካና በዙሪያው፥ ከጥንት የታወቁ ሁለት የዱር ስጦታዎች አሉ፤ አንዱ ማር ነው፤ ሁለተኛውም የአገሩ ሰው ቡኖ የሚለው ቡና ነው። ከማሩ የሚያሰክር ጠጅ ይጣላል፤ ከቡናው የሚያነቃ መጠጥ ይፈላል። ታሪክን የሚመረምር ሰው ግን በአገራችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም የቀደሙት ክርስቲያኖች የሚያሰክረውን በግብር ላይ እያከበሩ የሚያነቃውን ከቤታቸው ማራቃቸው ነው።

ጠጅ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የክብር መጠጥ ነበር፤ ጠላም በሰንበቴና በማኅበር ከዳቦው ጋራ ይቀርብ ነበር፤ ዛሬም ይቀርባል። ቡናን ግን የእስልምና ተከታዮች ስለሚጠጡት ክርስቲያን ሊቀምሰው አይገባም እያሉ ብዙ ካህናት ያስተምሩ ነበር።

ይህ ትምህርት ከልማድ በቀር የቀኖና መሠረት አልነበረውም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር በዐረብኛ በተሰበሰበ ጊዜ የቡና መጠጥ በዚያ ገና አልታወቀም ነበር። በየመን የታወቀው በ15ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፥ ሱፊዎች የሚባሉት የእስልምና ባሕታውያን ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1511 ዓ.ም. ደግሞ የመካ ገዥ ቡናን ከሚያሰክር መጠጥ ጋራ ቈጥሮ ከለከለው፤ ክልከላውም ብዙ ሳይቈይ ተሻረ። እንግዲህ በመካ እንደ ወይን ተቈጥሮ የተከሰሰው መጠጥ፥ በኢትዮጵያ የእስላም ነው ተብሎ ተነቀፈ። በሁለቱም ስፍራ ሥራው ሳይመረመር በስሙ ተፈረደበት።

ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ሥራውን ይመለከታሉ። ጌታ በቃና ዘገሊላ ውኃውን ወይን አደረገ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፤ የኤፌሶንን ምእመናን ግን ከስካር ከለከላቸው። ኖኅም ጻድቅ ሳለ ወይን ጠጥቶ ዕርቃኑ ተገለጠ። የሐዋርያት ቀኖና ደግሞ ከስካር አልመለስ ያለ ኤጲስ ቆጶስ፥ ቄስና ዲያቆን ከሹመቱ እንዲሻር ያዛል። በቤተ ክርስቲያንም ከዘቢብ የተጨመቀው ወይን ተባርኮ ለምእመናን የሚታደለው በዕርፈ መስቀል ነው።

የቡና ነቀፋ የቀለለው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሡ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. ከግብጽ የመጡት አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጥር ለማራቅ ደከሙ። በዚያው ዘመን፥ በ1890 ዓ.ም. መባቻ፥ የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረከ፤ በብዙ ሕዝብ ጥፋትም የካፋ መንግሥት አለቀ። የቡናውም አገር ከንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ጋራ ተጨመረ። ዛሬ ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ የተፈራውም የሃይማኖት ጥፋት ከቡና አልመጣም።

ከጠጅ፥ ከጠላና ከአረቄ የመጣውን ጥፋት ግን መንደር ሁሉ ያውቀዋል። ለተዝካር ድግስ ተበድሮ እርሻውን ያጣ አለ፤ ከጽዋ ማኅበር ተነሥቶ ከጎረቤቱ ጋራ ደም የተፋሰሰ አለ፤ በዓል ባለበት ቤት ሁሉ ቅመሱልኝ እየተባለ ማታ ለንስሓ ልጁ ጸሎት ማድረስ የተሳነው ካህንም አለ። ማንንም በማይጎዳ ስኒ ላይ የወጣው ያ ሁሉ ዘለፋ፥ ሩቡ እንኳ ስለ ብርሌው ልክ ቢነገር ኑሮ፥ ብዙ ቤት በተረፈ ነበር።

ጠጅ ይረገም ማለት አይደለም፤ ማሩም የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ነገር ግን የማኅበሩን ጽዋ የሚባርክ ካህን ልኩንም አብሮ ያስተምር፤ እርሱም በሁለተኛው ብርሌ ይበቃኛል ብሎ ቢያኖር፥ ምእመናኑ ትምህርቱን ከእጁ ይቀበላሉ።